እንኳን አደረሳችሁ፤ በተለይ ዛሬ «አልጠጣም» ለምትሉ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ማርቆስ ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ልጆቹ ግን እንግጫቸውን ይዘው ከንጋት ጀምሮ በር እያንኳኩ ነው። አንዷ ዜማውን ስትስተው የድሮው ሙዚቀኛነቴ ተነሳና አረምኳት። ሳቀችብኝ።

መጽሐፌን አንብባችሁ «ቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ለምን ገደልከው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የወቀሳችሁኝ ብዙ ናችሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ድኖ፣ አግብቶ ነበር። ጥቅምት ላይ ጓደኛዬን ቀበርን፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ሠርግ መጻፍ አቃተኝ።

ጓደኛዬ ትራማዶሉን፣ ያንን ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን፣ የጀመረው ለድካም ነው። በጥር ከደንበጫ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፤ አንዱ ሠርግ ሳይበተን ሌላው ይጠራናል። ኪኒኑን የጊታር ክር በሚያስቀምጥበት ኪስ ነበር የሚይዘው። ውሎ አድሮ ያለ እሱ አውራ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ክሩን ይስት ጀመር።

ተወው ደግሞ። ለወራት። ጉንጩ ሞላ፣ ምግብ ጣመው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሊታከም አስቦም ነበር፤ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ቀረ። አንድ ድግስ ላይ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» አሉት። አረቄው ኪኒኑን አስታወሰው፤ የድሮውን ያህል ዋጠ። ትቶ ቆይቶ ለሚመለስ ሰው አደገኛው ይኸው የድሮው መጠን ነው፤ ሰውነት መቋቋሙን አጥቷል፣ መጠጥ ሲታከልበት ደግሞ ትንፋሽ ያፍናል።

ይህን ያስረዳችኝ አንዲት የማርቆስ ፋርማሲስት ናት፤ ምዕራፉን እስኪሰለቸኝ አስቀየረችኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኪቦርዲስታችን፣ ባሕር ዳር ላይ መጽሐፉን በየካፌው እያዞርክ የምትሸጥልኝ፣ ምስጋናዬ ይድረስህ፤ ሒሳቡን ግን ላክ። እትዬ፣ የጓደኛዬ እናት፣ «ስሙን ተወው እንጂ ያየኸውን አትሸሽግ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያን ባይሉኝ መጽሐፉ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ዛሬ ቤታችሁ ከሚመጣው ዘመድ አንዱ ጠላውን ገፋ አድርጎ ውኃ ይጠይቅ ይሆናል። በሞቴ አትበሉት። «ምነው፣ መነኮስክ እንዴ?» ብላችሁም ሰው አታስቁበት። ውኃውን ስጡትና ዶሮውን ጨምሩለት።

እትዬ፣ ማታ እመጣለሁ። ቡና ያፍሉልኝ፤ ጠላውን ለጎረቤት ይስጡት።