ተሳቢ ቤት እየጎተትኩ ለምን ከ70 እንደማላልፍ

የመኪናዬ ፍጥነት መለኪያ መስታወት ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ልክ 70 ላይ። ተሳቢው ከኋላ ካልታሰረ ትኩረት አልሰጠውም። ተሳቢው ካለ ግን መርፌው እዚያ ሲደርስ እግሬ ራሱ ከነዳጅ መስጫው ላይ ይነሳል። በቅርቡ ሁለት ጓደኞቼ እንደኔ ተሳቢ ቤት ሊያሠሩ ተነስተዋል። ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁኝ "ሃይሉክስ ይጎትተዋል ወይ?" ብለው ነው። ይጎትተዋል፣ ያውም ሳይሰማው። ማንም ያልጠየቀኝ ስለ ፍጥነቱ ነው። ስለዚህ የ70ን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ።

ተሳቢውን ያሠራሁት አዲስ አበባ፣ አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው። ባለ አንድ አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ)፣ በላሜራ የተሸፈነ፣ ቁመቱ ከመኪናው ጣሪያ ከፍ የሚል አንዲት ክፍል ናት። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የ100 ሊትር የውሃ በርሜል አላት። የራሷ ፍሬን የላትም። ዘመዶቼ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየከተማው ስላሉ፣ ለበዓል ስንሄድ ማንንም ሳናጣብብ በየግቢው አቁመን እናድራለን ብዬ ነው ያሰብኩት።

የመጀመሪያው ጉዞ በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ነበር። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ነበሩ። ዓባይ በረሃን በሰላም አለፍን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ እጄ መሪው ላይ ደርቆ ነበር። በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ ኤሊ ነው የወረድኩት። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ "ከባዱ አለቀ" አልኩ። ባለቤቴም "እልል በል!" አለችኝ።

ስህተቱ የተሠራው እዚያች ንግግር ላይ ይመስለኛል። በረሃው ያስፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይጠነቀቃል። ከደጀን ወዲህ ግን መንገዱ ይለቀቃል። ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ ነው፤ ጥር ስለሆነ እህሉ ታጭዶ ሰዉ አውድማ ላይ ነው። ሞተሩ አይጨነቅም። እኔም ሳላስበው 80፣ 85፣ 90 ገባሁ። ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ስንነሳ ደግሞ ፍኖተ ሰላም በጊዜ ለመግባት ቸኩያለሁ። አጎቴ እዚያ ናቸው፣ እየጠበቁን ነው።

አማኑኤልን አለፍ ብለን ቀለል ያለ ቁልቁለት ላይ ሳለን አንድ ሲኖ ከኋላ መጥቶ ቀደመኝ። 95 ላይ ነበርኩ። ሲኖው አጠገቤ ሲደርስ የተሳቢው ጀርባ ወደ ቀኝ ተገፋ። ሲያልፍ ደግሞ ወደ ግራ ተሳበ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ተመልሶ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ያኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ከዚያ ወደ ግራ፤ እሱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በስፖኪዮ ሳይ የተሳቢው የግራ ጎማ ነጩን መስመር ተሻግሮ ሌላኛው አቅጣጫ ላይ ይታየኛል። የሃይሉክሱ ቂጥ አብሮ ይወረወራል። መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ፣ ውሃ ላይ የምነዳ መሰለኝ።

ፍሬን ረገጥኩ። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ከሱ የከፋ ነገር የለም። መኪናው ያዘ፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ግን ከኋላ መግፋቱን ቀጠለ። የሚገፋው ደግሞ ጠምዞ ነው። መወዛወዙ ባሰበት። ልጄ "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ እግሬን ከሁሉም ነገር ላይ አነሳሁ። አስቤ አይደለም፤ ግራ ገብቶኝ ነው። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ የተሳቢውን ውዝዋዜ በመሪ ለማረም አልሞከርኩም። ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ፤ 60 አካባቢ ላይ ተሳቢው ምንም እንዳልተፈጠረ ከኋላዬ ተሰለፈ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። የተሳቢውን በር ስከፍት በርበሬው ከነዕቃው ተደፍቶ አልጋው ላይ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሮጦ መጣና "ምነው፣ ደህና ናችሁ?" አለን። ልጁ የቆመበትን ቦታ አሁንም አልረሳውም። ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የተሳቢው ቂጥ ተወርውሮ ከሄደበት የመንገድ ዳር ብዙም አይርቅም።

ፍኖተ ሰላም የደረስኩት በ50 እየነዳሁ፣ ሲመሽ ነው።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል የጫነ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌሊቱን ምንም አልተናገሩም። ጠዋት ቡና ሳይጠጡ ወጥተው መኪናዬና ተሳቢው የሚያያዙበት ቦታ ላይ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ወደ ጎን ራቅ ብለው አዩት።

"አንገቱን ተመልከተው" አሉኝ።

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"ሽቅብ ቀና ብሏል። ሸክሙን ሁሉ ኋላ ጭነኸዋል። ኋላው የከበደ ተሳቢ አርፎ አይከተልም፤ ይሄ በሬ ቢሆን ቀንበሩን ሰብሮ ይሄድ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ብየዳ ቤቱ የውሃ በርሜሉን ከአክስሉ ኋላ፣ ጥግ ላይ ነበር የገጠመው። ውሃ ሲሞላ እዚያ ጋ 100 ኪሎ ተጭኗል ማለት ነው። የጋዝ ሲሊንደሩም ትርፍ ጎማውም እዚያው ነው። ተሳቢውን እህል የጫኑ መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ወስደን መዘንነው፦ 720 ኪሎ። ቀጥሎ መኪናው ላይ የሚያርፈውን የአንገቱን ክብደት ብቻ ለማወቅ የሰው ሚዛን ተውሰን ድንጋይ ላይ አስቀመጥነውና አንገቱን አሳረፍንበት። 35 ኪሎ ብቻ። መሆን ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። የኔ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሁለት ቀን ፈጀብን። በርሜሉን ፈተን ከአክስሉ ፊት አሰርነው። ትርፍ ጎማውን አንገቱ ሥር አደረግነው። የዕቃ ሳጥኑ ወደ ፊት መጣ። እንደገና ስንመዝን 85 ኪሎ ሆነ፤ 12 በመቶ ገደማ። ተሳቢው አንገቱን አስተካክሎ ቆመ። ጎሚስታ ጋ ሄደን የጎማ ንፋስ ስናስለካ ደግሞ ሁለቱም በጣም ጎድለው ተገኙ። የጎማውን ጎን ያነበብኩት ያን ቀን ነው። ጎማ የሚችለው ክብደትና ፍጥነት ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ፍጥነቱ በፊደል ነው። "ጄ" ከሆነ 100፣ "ኬ" ከሆነ 110፣ "ኤል" ከሆነ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ጣሪያው። የኔው "ጄ" ነበር። ንፋሱ በጎደለ ጎማ ጣሪያው አፍንጫ ሥር ስነዳ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ "አሁንስ 90 መንዳት እችላለሁ?" አልኳቸው። አጎቴ ቀጥታ አልመለሱልኝም። "ግባ፣ እንሂድ" አሉኝ።

ወደ ቡሬ አቅጣጫ ወጣን። ቤተሰቡን ትተናል፤ ተሳቢው ውስጥም ማንም የለም። እሳቸው ጋቢና አጠገቤ ተቀምጠው ዓይናቸውን የቀኙ ስፖኪዮ ላይ ተከሉ። መሪ እያወዛወዝን አልሞከርንም፤ ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይደረግም። የሚያልፉት መኪኖች በቂ ናቸው። ከፊትም ከኋላም ትልቅ መኪና ባለፈ ቁጥር ተሳቢው ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይቆጥራሉ። 60 ላይ አንዴ ነቅነቅ ይልና ያርፋል። 70 ላይ አንዴ ሄዶ አንዴ ይመለሳል፣ በቃ። 80 ስደርስ አንድ የጭነት መኪና አለፈን። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…" ብለው አራተኛውን ሳይጨርሱ "ቀንስ" አሉኝ። "80 ያንተ አይደለም። ከ80 በላይ የሚሆነውንማ አንተው አይተኸዋል።"

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማንኛውም ተሳቢ ሲነካ ይወዛወዛል። ዝግ ባለ ፍጥነት ውዝዋዜው በራሱ ይሞታል። ፍጥነት ሲጨምር ለመሞት ጊዜ ይፈጅበታል። ከሆነ ፍጥነት በላይ ግን ከመሞት ይልቅ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው እየበለጠ ይሄዳል። ያ ወሰን ከተሳቢ ተሳቢ፣ ከጭነት ጭነት ይለያያል። የአንገቱ ክብደት፣ የጎማው ንፋስ፣ የተሳቢው ቁመት፣ ቁልቁለቱ፣ ንፋሱ ሁሉም ወሰኑን ወደ ላይም ወደ ታችም ያንቀሳቅሱታል። ስለዚህ ወሰኑ ጫፍ ላይ መንዳት አይቻልም፤ መንገዱ ራሱ ወሰኑን ዝቅ ያደርግብሃል። እኔ መጨነቅ ከጀመረበት ከ80 ላይ አሥር ቀነስኩ። ፕላስተሩ የተለጠፈው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ለኔ እንዲያውም ይበልጣል። የጎጃም መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። ገበያ ቀን ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ማንኩሳን ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ እንጨት የተሸከመች እናት፣ ሁሉም አስፋልቱን ይጋራል። 90 ላይ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ትሄዳለህ። 70 ላይ ከ20 ሜትር ትንሽ ታንሳለህ። ዓይንህ አይቶ እግርህ ፍሬን እስኪይዝ ባለው ጊዜ ብቻ ብዙ ሜትር ይተርፍልሃል። ከዚያ ፍሬኑ የሚያቆመው ጉልበት አለ፤ እሱ ደግሞ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ነው የሚያድገው። 70 ላይ ካለው ጉልበት 90 ላይ ያለው 65 በመቶ ይበልጣል። ከኋላዬ ደግሞ ፍሬን የሌለው 720 ኪሎ አለ። ያ ሁሉ በሃይሉክሱ ፍሬን ነው የሚቆመው።

ጊዜውስ? ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ90 ቢነዱት 47 ደቂቃ፣ በ70 ቢነዱት አንድ ሰዓት። ልዩነቱ 13 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሻይ ተጠጥቶ አያልቅበትም።

ስንመለስ በረሃውን ከደጀን በኩል ነው የወረድነው። አጎቴ ከመሄዴ በፊት ደጋግመው ያስጠነቀቁኝ ስለሱ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ አስፋልቱም መሬቱ ስለሚንሸራተት በየቦታው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። "ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንስ፤ ከገባህ በኋላ አይሆንም። ሞርቶ የሚባል ነገር እንዳትነካ፤ መኪናው ያለ ማርሽ አይውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ።" እንዳሉት አደረግኩ። ከጫፉ በፊት ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ እየጮኸ ይዞን ወረደ። ፍጥነቱ ከ30 ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ ይዤ ወደ 20 አወርድና ሙሉ በሙሉ እለቀዋለሁ፤ እንዲነፍስበት። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ያዩናል። ሦስት ጊዜ ዳር ይዤ ለኋላዬ መኪኖች መንገድ ለቀቅኩ። የሚገርመው አንዱም ክላክስ አላደረገብኝም።

ታች፣ ከጃፓን በተገኘ ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን ሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ከሙቀቱ ላይ ቆምን። ወርጄ የተሳቢውን ጎማና ቸርኬ በመዳፌ ነካሁ። ይህንንም ከአጎቴ ነው የተማርኩት። እጅ የሚቃጠል ከሆነ ወይ ንፋሱ ጎድሏል፣ ወይ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ታሟል። ሞቋል፣ ግን እጄን አሳርፌ ማቆየት እችላለሁ። የፍሬን ሸራ ሽታም የለም። ልጄም መጥታ እጇን አሳረፈች።

ከዚያ ወዲህ 70 ሁልጊዜ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ከደጀን እስከ ሉማሜ ባለው ሜዳ ላይ የጎን ንፋስ ከተነሳ 60። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መግፋት ሲጀምር 50። ኮሶበር አካባቢ ጉም ከወረደ ወይም ዝናብ ከጣለ 40፣ አንዳንዴም ቆሞ መጠበቅ። ውሃ በርሜሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ የአንገቱ ክብደት ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት የሰው ሚዛኗን አወጣለሁ። አሁን የራሴን ገዝቼ ተሳቢው ውስጥ አልጋ ሥር አስቀምጫታለሁ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ስንሄድ እዚያው አማኑኤል አካባቢ ሌላ ሲኖ ቀደመኝ። ባለቤቴ የጋቢናውን መያዣ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ተሳቢው አንዴ ነቅነቅ አለ፣ ተመለሰ፣ አረፈ። መርፌው ፕላስተሩ ላይ ነበር።