ያልተነዳ ኪሎ ሜትር አይተላለፍም

ሐምሌ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በሚገኘው ቢሯችን የ2010 በጀት ዓመትን ሂሳብ ለመዝጋት ደረሰኝ እየደረደርሁ ሳለ፣ የኪራይ መኪናችን ባለንብረት ራሳቸው መጥተው አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ለወትሮው የወሩን ደረሰኝ የሚልኩት በሹፌሩ እጅ ስለነበር መምጣታቸው ገርሞኝ ነበር። ፖስታውን ስከፍተው ትርፍ ኪሎ ሜትር 3,600፣ በኪሎ ሜትር ብር 14፣ ድምር ብር 50,400፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብር 7,560፣ ጠቅላላ ብር 57,960 የሚል የክፍያ ጥያቄ አገኘሁ። በልቤ አዝኜላቸው ነበር፤ ሽማግሌው ሂሳብ ተሳስተው በዚያ ዝናብ ከማራኪ ድረስ በከንቱ ለፍተዋል ብዬ አሰብሁ።

ያሰብሁበት ምክንያት ነበረኝ። የምሠራበት ፕሮጀክት በገጠር ቀበሌዎች የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶችን የሚያስቆፍር ሲሆን፣ ባለሙያዎቻችን ዛሬ ደባርቅ፣ ነገ አይከል፣ በሳምንቱ መተማ ዮሐንስ ስለሚሉ፣ አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከነሹፌሩ ለአንድ ዓመት ተከራይተን ነበር። ነዳጁ የእኛ፣ ሰርቪሱና የሹፌሩ ደመወዝ የባለንብረቱ ነው። ውሉ በወር 2,500 ኪሎ ሜትር ይፈቅድልናል። እኔ የአስተዳደርና ፋይናንስ ኃላፊ እንደመሆኔ 2,500ን በ12 አባዝቼ 30,000 የሚለውን ቁጥር በበጀት ሠንጠረዤ አናት ላይ በቀይ ጻፍሁ፤ ዓመቱን ሙሉም ያንን ቁጥር ስጠብቅ ኖርሁ። መኪናው ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ስንረከበው ቆጣሪው 61,400 ላይ ነበር፤ ሰኔ 30 ማታ ደግሞ 88,900 አነበብን። ልዩነቱ 27,500 ነው። በእኔ አቆጣጠር 2,500 ኪሎ ሜትር፣ የአንድ ሙሉ ወር ድርሻ ማለት ነው፣ ሳንጠቀምበት ተርፎናል።

ይህንኑ በትሕትና አስረዳኋቸው። ባለንብረቱ አልተከራከሩኝም። መነጽራቸውን አውጥተው፣ አጥፈው የያዙትን ውል ሦስተኛ ገጽ ከፈቱና በጣታቸው አንድ መስመር ላይ አሳረፉልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ በማናቸውም ወር ከ2,500 ኪ.ሜ. በላይ ቢጠቀም ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪ.ሜ. ብር 14 ይከፍላል፤ ያልተነዳ ኪሎ ሜትር ወደሚቀጥለው ወር አይተላለፍም።» ከገጹ ግርጌ፣ ከማኅተማችን ጎን፣ የእኔ አጭር ፊርማ አለች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥድፊያዋ የሚታወቅ፣ ጅራቷ የረዘመ።

ባለንብረቱ ከሄዱ በኋላ የሹፌሩን የጉዞ መዝገብ አውጥቼ ወር በወር ዘረዘርሁት። ክረምቱን መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሐምሌ 1,100፣ ነሐሴ ደግሞ ጳጉሜን ጨምሮ 900 ብቻ ተነድቷል። (ጳጉሜ ራሷን የቻለች ወር ናት ወይስ የነሐሴ ጅራት የሚለው ጥያቄ በውሉ አልተመለሰም፤ እግዜር ይስጣት፣ በዚያ ዓመት ብዙ ስላልተነዳ ጠብ አላስነሣችም።) መስከረም 1,700፣ ጥቅምት 2,400። ከዚያ መንገዱ ደረቀ፣ ቁፋሮውም ተጀመረ፤ ኅዳር 3,300፣ ታኅሣሥ 3,450። በጥር ከተማው ሁሉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስለሚወጣና እንግዳ ስለሚበዛ 2,200 ላይ ቆመ። የካቲት 3,600፣ መጋቢት 3,250። ሚያዝያና ግንቦት ከጣሪያው በታች ሆኑ፣ ሰኔ ወደ 1,200 ወረደ። ጣሪያውን ያለፍነው በአራት ወር ብቻ ነው፤ 800፣ 950፣ 1,100፣ 750። ድምሩ 3,600። ሽማግሌው አንዲት ኪሎ ሜትር አልተሳሳቱም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሹፌሩ በኅዳር መጨረሻ፣ ከመተማ በተመለሰ ማግስት፣ መዝገቡን ሲያስፈርመኝ «ልጄ፣ በዚህ ወር ኪሎ ሜትሩ አልበዛም ወይ?» ብሎኝ ነበር። «አይዞዎት ጋሼ፣ ክረምቱን ቆመን ያጠራቀምነው አለ» ብዬ ፈገግ አልሁ። እሱም ኃላፊ ያውቃል ብሎ ዝም አለ። ጎንደር ደርሶ መልስ ደባርቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መተማ ዮሐንስ ደግሞ ደርሶ መልስ ወደ አራት መቶ ይጠጋል። በወር ሦስት ጊዜ መተማ፣ አምስት ጊዜ ደባርቅ ከተሄደ፣ አይከልና የከተማው ውስጥ ሩጫ ሳይቆጠር፣ ጣሪያው ላይ ጥቂት ብቻ እንደሚቀር ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም ነበር። ሹፌሩ ያለ ወረቀት አውቆታል።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ጉዳዩን ስነግራቸው አልጮኹም፤ መጮሃቸው ይሻለኝ ነበር። «ኦዲተሩ ይህን ከየትኛው የበጀት ርእስ ከፈላችሁ ሲል ምን እንላለን?» ብቻ ብለው የሕግ አማካሪ እንዳነጋግር አዘዙኝ። አማካሪው ውሉን አንድ ጊዜ አንብበው መለሱልኝ። በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚደነግግ፣ ቃሉ ግልጽ ከሆነ ደግሞ የተዋዋዮቹ ሐሳብ ምን ነበር ብሎ ዳኛ ከቃሉ ወጥቶ እንዳይተረጉም ቁጥር 1733 እንደሚከለክል አስረዱኝ። «በማናቸውም ወር የሚለው ባይኖርና በወር 2,500 ተብሎ ብቻ ቢታለፍ ኖሮ የምንሟገትበት ቀዳዳ ነበረን» አሉ። «አይተላለፍም የሚለው ግን ቀዳዳውን ደፍኖታል።»

ስለዚህ ከክርክር ይልቅ መዝገቡን ማገላበጥ ያዝሁ። ያን ምሽት ነው አንድ ያላየሁትን ያየሁት። ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማታ ሹፌሩ ባለሙያዎቹን ቢሮ አውርዶ ሲዘጋ ቆጣሪው 68,914 ተጽፏል፤ ረቡዕ ጠዋት ሲከፍት ግን 68,938 ነው። ሌሊቱን መኪናው 24 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሐሙስም እንዲሁ 24፣ አርብም 24። ሹፌሩ የሚኖረው አዘዞ ሲሆን፣ ቢሯችን ግቢ ስለሌለው መኪናውን ይዞ ቤቱ ያድር ነበር፤ ይህም የተደረገው በባለንብረቱ ፈቃድ፣ ለመኪናው ደኅንነት ተብሎ ነው። እኛ ጉዞ ብለን የምንፈርመው ከቢሮ ከተነሣበት ጀምሮ ሲሆን፣ ትርፉ የተሰላው ግን ከቆጣሪው ነው። በአራቱ ወራት በመስክ ያላደረባቸውን ሌሊቶች አንድ በአንድ ስቆጥር 46 ሆኑ፤ 46 በ24 ደግሞ 1,104 ኪሎ ሜትር።

በማግስቱ መዝገቡን ይዤ ማራኪ፣ ባለንብረቱ ቤት ሄድሁ። ቡና እየተፈላ ነበር፤ ሁለተኛው ሲኒ እስኪደርስ ስለ ሥራ አላነሣሁም። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸውና «እኛ ያልተቀመጥንበትን ጉዞ እኛ ልንከፍለው አይገባም፤ የቀረውን ግን ውሉ እንዳለው እንከፍላለን» አልኋቸው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ስልኩ ላይ ደምሮ አረጋገጠላቸው። ባለንብረቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጉሮሮ የሚያንቅ ገንዘብ አልበላም፤ ይቀነስ» አሉ። ትርፉ ወደ 2,496 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ገንዘቡም ከነታክሱ ብር 40,185 ከ60 ሳንቲም ሆነ። ትንሽ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ግን ወደ 18 ሺህ ብር ገደማ ይቀንሳል።

ወሬው እንዲህ ከረገበ በኋላ፣ ጣሪያውን ለምን በወር እንዳሰሩት ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው እውነተኛ ነው፦ መኪናውን የገዙት በባንክ ብድር ሲሆን፣ ብድሩን ሲጨርሱ ሸጠው ቤት ሊያድሱበት አስበዋል። ገዥ መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው፤ ቁጥሩ በወጣ መጠን ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ላይ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጣል፤ የደባርቅና የገጠሩ ጠጠር ጎማውን፣ ባሌስትራውንና ፍሪሲዮኑን ይበላል። ኪራዩ የሚከፍላቸው የመኪናውን ቀን ብቻ ነው፤ ትርፍ ኪሎ ሜትሩ ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ። ሁለተኛውን የመልስ ክፍል ግን እየሳቁ ነው የነገሩኝ፦ «አይተላለፍም» የምትለዋን ሐረግ እሳቸው አላሰቧትም። ውሉን የጻፈላቸው ሰው ከሌላ መሥሪያ ቤት ውል ገልብጦ ያስገባት ናት። ልጃቸው ሰኔ ላይ ለሒሳብ ልምምድ ብሎ ውሉን እስኪያነበው ድረስ እሳቸውም አላዩዋትም ነበር። ውሉ ላይ ከፈረምነው ሰዎች አንዳችንም አላነበብናትም ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር የምትኖር እኅት አለችኝ። እሑድ ስትደውል ይህን ሁሉ ሳወራላት ሳቀችብኝና የእሷንም ነገረችኝ። እዚያ መኪና በብዛት የሚወሰደው ፒሲፒ በሚባል የፋይናንስ ውል ነው። ቅድመ ክፍያ ይሰጣል፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት በየወሩ ይከፈላል፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ትልቅ ክፍያ ይቀራል። ያ የመጨረሻ ክፍያ የተተመነው መኪናው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ያወጣል በሚል አስቀድሞ በተቀመጠ ግምት ሲሆን፣ ግምቱ የቆመውም በተስማሙበት የማይል ጣሪያ ላይ ነው። ማይል ማለት 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኅቴ በዓመት 8,000 ማይል ብላ ለሦስት ዓመት ፈርማ፣ ሥራ ቀይራ መንገዷ ስለረዘመ 24,000 መሆን የነበረበት 31,000 ደረሰባት። መኪናውን ብትመልስ ለ7,000ው ትርፍ፣ በማይል 9 ፔንስ፣ 630 ፓውንድ ትከፍል ነበር። ነገር ግን ትልቁን ክፍያ ከፍሎ መኪናውን ለራሱ የሚያስቀር ሰው የትርፍ ማይል አይጠየቅም፤ ዋጋው ቢወርድ የሚጎዳው ራሱ ባለቤቱ ነውና። እሷም ጨምቃ ከፍላ አስቀረችው።

ከንግግሯ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነው። የእነሱ ጣሪያ የሚለካው በውሉ ዘመን ድምር ነው፤ በበረዶው ወር የቆመ መኪና በበጋ ቢሮጥ የሚጠይቀው የለም። እንደ እኛ ክረምቱን ቆሞ በጋውን ለሚሮጥ ሥራ የሚያዋጣው ይህ እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ ለ2011 ውሉን ስናድስ ረቂቁን ራሴ ጻፍሁት። ጣሪያው የዓመት ድምር፣ 30,000 ኪሎ ሜትር፣ ጳጉሜን ጨምሮ። ሂሳቡ ሰኔ 30 አንድ ጊዜ ይታያል። በየወሩ መጨረሻ ቆጣሪውን ሹፌሩ፣ እኔና ባለንብረቱ ወይም ልጃቸው አንብበን እንፈርማለን። መኪናው ከቢሮው ጀርባ በተከራየነው ግቢ ያድራል፤ የሹፌሩን የታክሲ ወጪ ባለንብረቱ ይሸፍናሉ። እሳቸውም በነጻ አልለቀቁም፤ ትርፍ ኪሎ ሜትሩን ከብር 14 ወደ ብር 16 አሳደጉት። ተስማማሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የግል ማኅደሬ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገብቶልኛል፤ አላማረርሁም። 40 ሺውንም ሥራ አስኪያጇ ከለጋሹ ድርጅት ጋር ሁለት ወር ተጻጽፈው ነው ያስፈቀዱት።

ከዚያ በኋላ ሹፌሩ «በዛ ወይ?» ሲለኝ ወረቀት አወጣለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 29 ማታ ቆጣሪው 118,770 ላይ ቆመ። ተነድቶ የነበረው 29,870፣ የቀረን 130 ነው። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ደባርቅ ላይ የአንድ ጉድጓድ ርክክብ እንዳለ፣ መቅረትም እንደማይቻል ነገሩኝ። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ አየኝ። እኔም ደርሶ መልሱ 200 ነው፣ 70 ኪሎ ሜትር እናልፋለን አልኋቸው። ያለፈውን ዓመት አስታውሰው ይመስለኛል ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ስንት ብር ነው?» አሉ።

«1,120፤ ከነታክሱ 1,288።»

ቦርሳቸውን አነሡ። «ይሄማ ለዛሬ ሌላ መኪና ከመከራየት ያንሳል። እንሂድ ጋሼ» ብለው ወደ በሩ ወጡ፤ እኔም 1,288ን በሰኔ ወጪ ላይ ጻፍኋት።