ያልተቆረጠ ዛፍ እንዴት ይቆጠራል?

የምሠራው ሀዋሳ፣ በደን ካርቦን ፕሮጀክት ላይ በተሰማራ ቢሮ ውስጥ ነው። ደኑ ግን ሩቅ ነው። በሶዶ በኩል አድርገን ወደ ደቡብ ምዕራብ እንሄዳለን፤ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የሚገኝበት ዝናባማ አገር ነው። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ማኅበረሰቡ ደኑን ይጠብቃል። ደኑ ባለመጨፍጨፉ ወደ አየር ሳይወጣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰላል። አንዱ ቶን አንድ ክሬዲት ሆኖ ይሸጣል፤ ከሽያጩም ድርሻው ደኑን ለሚጠብቁት ማኅበራት ይደርሳል።

ዛፉን መለካት ከባድ አይደለም። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረት አካባቢ፣ ሜትር ይጠመጠምበታል። ከውፍረቱ ተነስቶ ክብደቱ ይሰላል። ከደረቁ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ በ3.67 ሲባዛ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ይወጣል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ያለው የሁምቦ ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከጉቶው አገግሞ ደን ሆነ። እዚያ የሚለካው የበቀለ ዛፍ ነው፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ስንት ሄክታር ይጨፈጨፍ ነበር? ይህን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ከደኑ ጋር የሚመሳሰል፣ ጥበቃ የሌለው ቦታ ይመረጥና ባለፉት ዓመታት የደረሰበት በሳተላይት ምስል ይታያል። ቢሮ ውስጥ ቤዝላይን የምንለው እሱን ነው። ገንዘቡ የሚበዛውም የሚያንሰውም እዚህ ላይ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2023 ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የእንግሊዙ ጋርዲያንና የጀርመኑ ዲ ሳይት ጋዜጦች፣ የካርቦን ክሬዲት የሚያጸድቀው ቬራ የተባለ ድርጅት ካጸደቃቸው የዝናብ ደን ክሬዲቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ቅነሳ አያሳዩም ብለው ዘግበዋል። ቬራ ስሌታቸውን አልተቀበለም፤ የክሬዲት ገዢው ግን ደንግጧል። አማካሪያችን የቤዝላይኑን ሰነድ ያቀረበው ወሬው ገና ትኩስ ሳለ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነበር። የአለቃችን ፊት በራ።

ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ተመርቃ የካርታ ሥራ የምትሠራልን ልጅ ግን ዓይኗን ከካርታው አልነቀለችም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ማነጻጸሪያ የተባለው ቦታ አስፋልት ዳር ነው፤ ከተማም አጠገቡ አለ። የኛ ደን ደግሞ ከመኪና ከተወረደ በኋላ ግማሽ ቀን በእግር ነው። ከሰል የሚጭን አይሱዙ እዚያ በየት ይገባል?»

«መመሪያው ይፈቅዳል» አለ አማካሪው።

«ልጄ፣ የምትቀንሺው እኮ ከገበሬው ኪስ ነው» አሉ አለቃችን። ይህን ያሉት ከልባቸው ነው፤ ለገበሬው ያስባሉ።

«ዛሬ እኛ ካልቀነስነው ነገ ገዢው ሲሸሽ ሙሉውን ነው የሚያጣው» አለች።

የአስፋልት ዳር ቀበሌዎቹን አውጥታ ስሌቱን እንደገና ሠራችው። ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወረደ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አለቃችን በዝቅተኛው ፈረሙ። እኔ ለሁለቱም ትልቅ አክብሮት አለኝ። በኅዳር ወር ደግሞ ቬራ ራሱ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ፕሮጀክቶች ማነጻጸሪያቸውን እንዳሻቸው መምረጣቸው እንዲቀር ተወሰነ።

ከባዱ ነገር ግን ገና ነበር። ከኛ በፊት የነበረ ቡድን ለማኅበሩ ግምቱን በብር ነግሮ ሄዷል። ሰው ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ቀንሱ ማለት ያማል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ሌሊት ዝናብ እየመታቸው ደኑን ሲጠብቁ ለሚያድሩት ጎረምሶች ምን ልበላቸው?» ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን።

ልጅቷ ሁለቱን ካርታዎች ሣር ላይ ዘረጋች። የማኅበሩ አባላት የአስፋልት ዳሩን ቦታ ወዲያው አወቁት። አንዲት እናት ቀድመው ተናገሩ። «እዚያ እኮ ሰው ሁሉ ነጋዴ ነው። እኛን ከነሱ ጋር ምን አገናኘን?» ቢሮ ውስጥ ስንት የተጨቃጨቅንበት ነገር እሳቸው ዘንድ የታወቀ ነበር። ቅሬታው ግን አልጠፋም፤ መጥፋትም አልነበረበትም። ከማርና ከጫካ ቡና ገበያ በኩል ተጨማሪ ድጋፍ ጠየቁ። ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። የካርቦን ገንዘብ በማርና በቡናው ላይ ሲደመር ነው ደኑን የሚያቆመው፤ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ስሌቱ ተጣርቶ ሳያልቅ ስለ ብር አናወራም። ለራሳችን የምናመሳክርበትን ማነጻጸሪያም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው የምንመርጠው። ባለፈው ዙር ሁለት ቀበሌ ሰረዙና እኛ ያላሰብነውን አንድ ጨመሩ። የጨመሩት ቀበሌ በሳተላይት ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው። ሄደን ስናይ ላይኛው ቅጠል አለ፤ ሥሩ ግን ለቡና ተመንጥሮ ታዳጊ ችግኝ የሚባል አልቀረም።