ለአዲሱ ዓመት፦ ስለ ካክተስ ቡቃያዎችና ስለ ዓለም መጨረሻ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሁለት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንዱ የመልካም ምኞት መልእክት ነው። ሌላው «ዘንድሮስ ዓለም አበቃላት» የሚለው ወሬ ነው። ስልኬን ስከፍት ከእንኳን አደረሳችሁ ቀጥሎ የጦርነት ዜና፣ ከዚያ የሙቀት ዜና፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁላችንንም ሊያጠፋን ነው የሚል ቪዲዮ ይመጣል። «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ሲባል ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም አይነካኝም ብዬ አልዋሽም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌሊት አለ።

ዘንድሮ ስለዚህ ፍርሃት በካክተሶቼ በኩል ላወራችሁ ፈለግሁ። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ካክተስ ከዘር ነው የማበቅለው። ያደገውን ገዝቶ መስኮት ላይ መደርደርም ደስ ይላል። ከዘር ሲጀምሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጊዜ ጋር ፊት ለፊት ያገናኛል።

አስትሮፊተም የሚባለውን ዝርያ እንውሰድ። ዘሩ ቡናማና የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አንድ ጎኑ ጎድጎድ ስለሚል የተገለበጠ ቆብ ይመስላል። ደቃቅ ጠጠርና አፈር እደባልቃለሁ፣ ሻጋታ እንዳይኖርበት በእሳት አሞቀዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ በደንብ አርሰውና ዘሩን ከላይ እበትናለሁ። አፈር አላለብሰውም፤ ብርሃን ይፈልጋል። ከዚያ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ዕቃውን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ እሸፍናለሁ። ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ ፈጣኖቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰነጠቃሉ። ብቅ የምትለው ቡቃያ እንደ ሌላው ተክል ቅጠል ዘርግታ አትመጣም። ድንብልብል ያለች አረንጓዴ ነገር ናት። አንዳንዷ የዘሩን ቅርፊት አናቷ ላይ እንደደፋች ቀናት ታሳልፋለች። በማጉያ መነጽር ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በአናቷ መሐል ገና የሚወጡ ነጫጭ እሾሆች ታያላችሁ። ለስላሳ ናቸው፤ እጅ አይወጉም። አንጀት ይበላሉ።

ከዚያ በኋላ ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ ያው ናት። ሻጋታ ከመጣ ግን በአንድ ሌሊት ዕቃ ሙሉ ቡቃያ ይተኛል። ፀሐይ ከበዛባት ትቀላለች፤ ከጎደላት ደግሞ ወደ ብርሃኑ ተስባ ትቀጥናለች። አሪዮካርፐስ የሚባለው ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ዐሥር ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ማፋጠን አይቻልም ማለቴ አይደለም። ቡቃያዋን ቆርጦ ፔሬስኪዮፕሲስ በሚባል ቶሎ አዳጊ ካክተስ ግንድ ላይ ማጣበቅ ይቻላል፤ ዓመታትን ያሳጥራል። ሊጠፋ የደረሰ ዝርያ ቶሎ ዘር እንዲሰጥ ሲፈለግ ትልቅ ባለውለታ ነው። ለእኔ ግን በገዛ ሥሯ ቆማ፣ በራሷ ልክ የምታድገው ትበልጥብኛለች። በችኮላ ያደገችው ትነፋለች፣ መልኳም ይቀየራል።

ሰሞኑን አንድ ሐሳብ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ሳጓሮን ሳታዩት አትቀሩም። በፊልም ላይ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚቆመው ግዙፉ ካክተስ ነው። የሚበቅለው በሶኖራ በረሃ ነው፤ በአሜሪካ አሪዞና እና በሜክሲኮ ሶኖራ። ከ150 እስከ 200 ዓመት ሊኖር ይችላል። እስቲ በ1844 የበቀለ አንድ ሳጓሮ እናስብ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቦታው የአሪዞናዋ ከተማ ቱሰን አካባቢ ይሁን።

በዚያው ዓመት፣ ከበረሃው በጣም ርቆ፣ ዊልያም ሚለር የሚባል ሰባኪ ተከታዮች ኦክቶበር 22 ቀን የዓለም መጨረሻ ይሆናል ብለው ይጠባበቁ ነበር። አንዳንዶቹ የዚያን ዓመት ሰብል ሳይሰበስቡ ማሳ ላይ ትተውታል። ማን ሊበላው? ቀኑ መጣ፤ ነጋ። ብዙዎቹ ምርር ብለው አለቀሱ። እኔ በእነሱ ላይ መሳቅ አልችልም፤ ከልባቸው ያመኑ ሰዎች ነበሩ። የሚያሳዝነኝ ማሳ ላይ የቀረው ሰብል ነው።

ቡቃያችን ያኔ በፓሎ ቨርዴ ዛፍ ጥላ ሥር ተሸሽጓል። ሳጓሮ ልጅነቱን የሚያልፈው ሌላ ዛፍ ተጠግቶ ነው፤ አለዚያ ፀሐዩም ብርዱም አያስተርፉትም። ስምንት ዓመት ሲሞላው ቁመቱ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዐሥር ዓመት ሲሆነው አገር ተቀየረበት፤ የቆመበት መሬት በ1854 ከሜክሲኮ ተሽጦ የአሜሪካ ሆነ። በ1880ዎቹ የመጀመሪያዎቹን ነጫጭ አበቦቹን አውጥቶ ሊሆን ይችላል። የሳጓሮ አበባ የሚከፈተው በሌሊት ነው፤ የሌሊት ወፎች ይጎበኙታል፣ በማግስቱ ከሰዓት ይዘጋል።

1910 ላይ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ መጣች። ጅራቷ ውስጥ ሳይያኖጅን የሚባል መርዛማ ጋዝ እንዳለ ታውቆ ነበር። ምድር በሜይ ወር በዚያ ጅራት ውስጥ ታልፋለች ሲባል ብዙ ሰው በድንጋጤ ተዋጠ። «የኮሜት ክኒን» እያሉ የሚሸጡ ሰዎችም ተገኙ። የጅራቷ ጋዝ እጅግ ስስ ስለሆነ ማንንም አልጎዳም። ሳጓሮው ያኔ 66 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ክንድ ከጎኑ የሚበቅለው እዚህ ዕድሜ ግድም ነው።

መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1947፣ የአቶሚክ ሳይንቲስቶች «የምጽአት ሰዓት» የሚሉትን ምሳሌያዊ ሰዓት ለእኩለ ሌሊት 7 ደቂቃ ሲቀረው ላይ አደረጉት፤ እኩለ ሌሊቱ የዓለም ጥፋት ማለት ነው። ከዚያ 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ቀን ይሳሳታሉ፣ ሁሉም ነገር ይቆማል የሚለው ፍርሃት መጣ። ከዚያ ዲሴምበር 21፣ 2012፤ «የማያዎች አቆጣጠር አለቀ» የተባለበት ቀን። ይቺኛዋ ሁልጊዜ ትቆረቁረኛለች። ማያዎች በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ የኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ረጅሙ አቆጣጠራቸው ከ5,100 ዓመት በላይ የሚፈጅ ዙር ነበረው፤ በዚያ ቀን አንዱ ዙር ሞልቶ ሌላው ጀመረ እንጂ ዓለም ያበቃል አላሉም። እንዲያውም ፓሌንኬ በሚባለው ጥንታዊ ከተማቸው ከቀረጿቸው ጽሑፎች አንዱ 4772 ላይ ስለሚውል ቀን ያነሣል። ያን ያህል ሩቅ አስቦ ድንጋይ ላይ የጻፈን ሕዝብ የጥፋት ነጋሪ አድርገን አቀረብነው። ልክ አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ፍርሃት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ያ የምጽአት ሰዓት በ1991 ከእኩለ ሌሊት 17 ደቂቃ ርቆ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ 89 ሰከንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ቀን ቆጥረው አይተነብዩም። ሰው ሲስማማ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ሲጣላ ወደ ፊት ሄዷል። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ እሰማለሁ። ጆሮዬን የምነፍገው ቀን ቆርጦ «በቃ፣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ጠብቁ» ለሚለው ነው።

ደግሞም መጨረሻ የሚባለው ነገር አለ። እኔ በምወዳቸው ተክሎች ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። በፍሎሪዳ ደሴቶች፣ ኪ ላርጎ ላይ፣ ረጅም የዛፍ ካክተስ ነበር። የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ሲሄድ ጨዋማ ውሃ ሥሩ ድረስ ገባ። በ2023 የተረፉት ጥቂት ግንዶች ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎች ዝርያው ከአሜሪካ ምድር እንደጠፋ ገለጹ። በኩባና በባሃማስ ገና አለ። ከኪ ላርጎው ደግሞ ዘርና ቁራጭ ቀድሞ ስለተሰበሰበ ልጆቹ በችግኝ ጣቢያ እያደጉ ናቸው። ሌላም አለ። በየቤቱና በየሆቴሉ በር ላይ የምናየው፣ ክብ፣ ወርቃማ እሾህ ያለው ኤኪኖካክተስ ግሩሶኒ የተፈጥሮ ቤቱ መካከለኛው ሜክሲኮ ነው። በ1990ዎቹ ዚማፓን ላይ ግድብ ሲሠራ ከመኖሪያው ብዙው ውሃ ዋጠው። ዛሬ በዱር ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው፤ በሰው እጅ ግን በዓለም ዙሪያ ሞልቷል። እነዚያን ሁሉ ያስገኘው ዘር መዝራት ነው። በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል።

ታዲያ እነዚህን መጨረሻዎች ማን አወጀ? ነጋሪት አልተጎሰመም፣ ቀን አልተቆረጠም። አንድ ሸለቆ፣ አንድ ደሴት፣ አንድ ዝርያ እየተባለ በየቦታው ይመጣል። የደረሰላቸውም ቀድሞ ዘር የሰበሰበ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያናድደኛል። በ2020 ጣሊያን ውስጥ ፖሊስ አንድ ቤት ፈትሾ ከቺሊ አታካማ በረሃ የተነቀሉ ከአንድ ሺህ በላይ ካክተሶች አገኘ። አብዛኞቹ ኮፒያፖዋ ናቸው። ኮፒያፖዋ ዝናብ በማይታወቅበት ምድር ከባሕር በሚመጣ ጭጋግ እየኖረ፣ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው፤ ትልልቆቹ መቶ ዓመት የሚያልፋቸው አሉ። በ2021 ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ስርቆቱን እንደ ተራ ሌብነት ማየት አልቻልኩም። ያ ሰብሳቢ ያረጀ ተክል ፈለገ፤ እስኪያረጅ መጠበቅ ግን አልፈለገም። የተሰረቀው መቶ ዓመት ነው። እባካችሁ፣ ካክተስ ስትገዙ ከዘር የበቀለ መሆኑን ጠይቁ። ጠባሳ የሞላበት፣ ከሥሩ እንደ ቅርፊት የደረቀ፣ ሥሮቹ በጥድፊያ የተቆረጡ ትልቅ ተክል ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ሳስበው፣ ቀን የቆረጠ ፍርሃትም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ገና ያልመጡትን ዓመታት ከሰው እጅ ይነጥቃል። የሚለርን ተከታዮች የዚያን ዓመት ሰብል ነጠቃቸው። ዛሬም «ምን ዋጋ አለው?» እያለ ትምህርቱን ያቆመ፣ ልጅ መውለድ እየፈለገ የተወ፣ የጀመረውን የጣለ ወጣት አውቃለሁ። ለእነዚህ ወጣቶች «አይዟችሁ፣ ምንም አይመጣም» ማለት አልችልም። የማላውቀውን ቃል አልገባም። ሊመጣ የሚችለውን እያወቁ መዝራት እንደሚቻል ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የኪ ላርጎን ዘር የለቀሙት ሰዎች ባሕሩ እየመጣ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ሳጓሮ አንዷ ፍሬው እስከ 2,000 ዘር ትይዛለች። በዕድሜው ሚሊዮኖችን ይበትናል። ወፍ ይበላዋል፣ ጉንዳን ይወስደዋል፣ ድርቅ ያነደዋል። ከዚያ ሁሉ አንድ ሁለት ቢያድጉ ዘሩ ተተካ ይባላል። ይህን ሳስብ ሻጋታ የተኛበት ዕቃዬ ያን ያህል አያሳዝነኝም፤ ሌላ ዕቃ አጥባለሁ።

ለዚህ በዓል የዘራሁት ያንኑ ባለወርቃማ እሾህ ካክተስ ነው። ከዘር እስከ አበባ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈልጋል። አበባው በጣም የሚያምር ሆኖ አይደለም፤ በአናቱ ዙሪያ የሚደረደር ትንሽ ቢጫ አበባ ነው። የመረጥኩት የዱር ወገኖቹ ስላነሱ፣ ደግሞም እልኸኛ ስላልሆነ ነው። ለጀማሪ ይመቻል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ በእኩል ያድጋል።

ሁሉንም ለራሴ አላስቀርም። ቡቃያዎቹ ከሌላ ዕቃ ጋር መለማመድ ሲችሉ፣ ማለትም እሾኻቸው ጠንከር ሲል፣ አጠገቤ ያላችሁ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ። በተለያየ እጅ ሲሆን ይሻላል፤ የእኔን ሻጋታ ቢጨርሰው የአንዳችሁ ይተርፋል። ስትወስዱ ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ላይ አታስቀምጧቸው። ትልልቆቹን እንደምናደርገው ለወራት አታድርቋቸው፤ ሕፃን ካክተስ ውሃ የሚያከማችበት ገላ ገና የለውም። የተዘሩበትንም ዓመት በእርሳስ ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ሰኩ፤ ቀለም በፀሐይ ይለቃል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ሲያብቡ ፎቶ ላኩልኝ። እኔ ከሌለሁ ለልጆቼ ላኩላቸው፤ ነግሬያቸዋለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ። ጤና፣ ሰላምና ረጅም ዕድሜ ለሁላችሁም!