ዛፍ ከመግዛቴ በፊት አፈሩን አስለካሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ለግቢው ዛፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መንገድ ዳር ያለውን ነው። ጃካራንዳው ያምራል፣ የድሬዳዋ ዛፉም ያምራል። እኔ ግን ዘንድሮ ችግኝ ከመግዛቴ በፊት የአፈሩን አሲዳማነት ልወቅ ብዬ ተነሳሁ፤ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መለኪያው ፒኤች ይባላል። 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። 5 እና 6 ተቀራራቢ እንዳይመስሏችሁ፣ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ይጎዳል። በእኛ አካባቢ ቀይ አፈር ወደ አሲድ ያደላል፤ ወደ አዊ ስትወጡ ይብሳል፣ እንጅባራ አካባቢ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነውም ለዚህ ነው። ዋልካው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 7 የተጠጋ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው።

ናሙና ስወስድ ጓሮውን ከተለያየ ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ፣ ቀላቅዬ፣ ጥላ ላይ አድርቄ ላብራቶሪ ሰጠሁ። የቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ለብቻው። ደግ አደረግኩ! ጓሮው 6 አካባቢ ሲሆን ግድግዳው ሥር ከ8 አለፈ። ቤት ሲሠራ የወደቀው ሲሚንቶና ልስን እዚያው ተቀብሮ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ቤታችሁም መፈተን ትችላላችሁ፤ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው ማለት ነው። እዚያ ላይ ቦትል ብራሽ ብትተክሉ ብረት ስለማያገኝ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ብዙ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለውና ያጠጣዋል፣ ችግሩ ግን አፈሩ ነው።

ስለዚህ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ወይራ መረጥኩ፣ ኖራ ያለበትን አፈር ይችላል። ለጓሮው ደግሞ ብርብራ። የአገራችን ዛፍ ነው፣ ከሌላ አገር አይገኝም፣ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ዘጌ የሄደ ሰው ከቡናው መሃል ያውቀዋል። በእኔ እምነት ከጃካራንዳ አያንስም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ዘሩ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል፣ የጣና አጥማጆች ድሮ ይጠቀሙበት ነበር፤ ግቢው ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ቢያርቀው ይሻላል።

አመድ ሲጠራቀም ዝም ብላችሁ ዛፍ ሥር አትድፉ፣ ፒኤች ከፍ ያደርጋል። የቡና አተላ አፈር አሲዳማ ያደርጋል የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ አሲዱ አብዛኛው ሲፈላ ይወጣል፣ ለኮምፖስት ግን ጥሩ ነው።

ወይራውና ብርብራው ሐምሌ ላይ ይገባሉ። ጃካራንዳም አንድ መትከል እፈልጋለሁ፣ ፒኤቹ ይስማማዋል፣ ግን ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አይሆንለትም። የጓሮው ጥግ ዋልካ ስላለበት ክረምቱን ውሃ ያቁር እንደሆነ አይቼ ነው የምወስነው።