ኮሮናን ስንጠብቅ ልጄን ያቃጠላት ድስት

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደስ ካላቸው እናቶች አንዷ ነበርኩ። እውነቴን ነው። ሁለቱም ልጆቼ ከዓይኔ ሥር ሆኑ፣ በሩ ተዘጋ፣ ማንም ዝም ብሎ አይገባም። ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ አለ ብዬ ነበር። ደሴ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ከፒያሳ ደርሶ የመጣ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ከዘንቢሉ ውስጥ ቲማቲሙ ሳይቀር ተለቃልቆ ነበር የሚገባው።

ልጄ የተጎዳችው ግን እዚያው የተዘጋው ቤት ውስጥ ነው። ያውም ለበሽታው መከላከያ ብዬ በጣድኩት ድስት።

ሰኔ ነበር፣ ብርዱ ገብቷል። ባለቤቴ ሳል ጀመረው። የባህር ዛፍ ቅጠልና ዳማከሴ ቀቀልኩና እንዲታጠን ድስቱን ሳሎን ወለል ላይ አስቀመጥኩለት። ዱካ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ፎጣ ተከናንቦ ጎንበስ አለ። ሚጡ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ድብብቆሽ የሚጫወት መሰላት። «አባዬ አየሁህ!» እያለች ሮጣ መጥታ ፎጣውን ጎተተችው። እሱ ደንግጦ ሲነሳ ድስቱ ተገለበጠ። ግራ ክንዷ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን አንድ በአንድ የምጽፈው ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው። ሚጡ የሱፍ ሹራብ ለብሳ ነበር። እኔ አቅፌ ማባበል ያዝኩ። ሹራቡ ግን የፈላውን ውሃ ጠጥቶ ቆዳዋ ላይ ይዞት ነበር፣ እያባበልኳት እየተቃጠለች ነበር ማለት ነው። ትልቁ ልጄ «ማሚ ሹራቧ ይጨሳል» ሲል ነው ያወለቅኩት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና ቀባኋት። ጩኸት ሰምተው የመጡት ጎረቤታችን እማማ ደግሞ እንቁላል ይዘው ደረሱ፣ እሱንም ቀባን። ከሁሉ የከፋው፣ ሆስፒታል ብንወስዳት ኮሮና ይዛት ትመለሳለች ብለን ፈርተን ቤት አሳደርናት። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አደረች። ጠዋት ክንዷ ውሃ ቋጥሮ አብጦ ነበር፣ በባጃጅ ይዘናት በረርን።

ቁስሏን ያጠበችላት ነርስ የተቀባውን ሁሉ ቀስ እያለች ስታነሳ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። እኔ እግሯን ይዤ ነበር። ያን ቀን የነገረችኝን እስከ ዛሬ በቃሌ እይዘዋለሁ። ወዲያው ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ግን አለመጎተት። ከዚያ የተቃጠለው ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ። በረዶ አይሆንም፣ ቅቤም፣ ሊጥም፣ ቡናም፣ እንቁላልም አይቀባም። ቢዘገይ እንኳ ከተቃጠለ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ውሃው ይጠቅማል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጎ መሄድ። «እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ 20 ደቂቃ ከየት ይመጣል?» አልኳት። «በጆግ ነዋ» አለችኝ። «ሳፋ ከሥር አድርገሽ ቀስ እያልሽ ታፈሻለሽ፣ ሌላውን ሰውነቷን ግን በብርድ ልብስ ትሸፍኛታለሽ፣ የደሴ ብርድ ነው።» ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ሙሉ ጀሪካን ለዚህ ብቻ ይቀመጣል።

ቤት ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ጠመኔ መፈለግ ነው። ሚጡን ግድግዳ ሥር አቁሜ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ በደህናው እጇ እስከምትደርስበት ድረስ እንድትንጠራራ አደረግኩና እዚያ ላይ አሰመርኩ። ፈላ ያለ፣ የሚያቃጥል፣ የሚመርዝ ነገር ሁሉ ከዚያ መስመር በላይ። ወለል ላይ የነበረው ምድጃ ማድ ቤት ገባ፣ በሩም ይዘጋል። ቡና የማፈላው ሁለቱም ሲተኙ ሆነ፣ ወይ ደግሞ አባታቸው ውጭ ይዟቸው ሲወጣ። አጎንብሶ በድስት መታጠን ከነአካቴው ቀረ። እንፋሎት ቫይረሱን እንደማይገድል በኋላ ነው የተረዳሁት።

መስመሩ ግን ብቻውን አልበቃም። በሦስተኛው ቀን ሚጡ ዱካ ጎትታ፣ ዱካው ላይ ቆማ፣ ቡፌው ላይ ስትፈልግ አገኘኋት። ዱካዎቹን በሙሉ አንድ ክፍል ቆለፍኩባቸው።

በረኪናውን ሳይ ደግሞ ደነገጥኩ። ያኔ ሁላችንም በረኪና በጥብጠን በር እጀታ እንወለውል ነበር፣ እኔም የተበጠበጠውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጌ ከመጠጥ ውሃው ጎን አስቀምጬዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ በምን ይለየዋል? ደፋሁት። አሁን በገዛ ዕቃው ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው። ልጅ ከጠጣው ደግሞ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፣ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥምጦ ይዞ መሮጥ ነው። ሳኒታይዘርም እንደዚያው፣ እጅ ላይ ሳይደርቅ ክብሪት አይጫርም፣ እሳቱ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። የውሃ በርሜሉ ክዳን ላይ ድንጋይ ጫንኩ፣ ባልዲ ውስጥ ውሃ ማሳደር ተውኩ። ትንሽ ልጅ ስንዝር በማትሞላ ውሃም ይሰጥማል። ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባት ደግሞ በክረምት የሁላችንም ልማድ ነበር፣ ጭሱ ካለቀ በኋላም መርዙ እንዳለ ሳናውቅ። እሱንም ቆረጥኩት፣ በምትኩ ተደራርበን መተኛት ነው።

መቆጣት ምንም አልረዳኝም። «ተይ» ያልኳት ነገር ሁሉ ዞር ስል ይነካል። የረዳኝ የዕቃውን ቦታ መቀየር ብቻ ነው። ደግሞ ሁለታችንም ቤት ስንሆን «ያንተ ተራ፣ የኔ ተራ» መባባል ጀመርን፣ ምክንያቱም ያን ቀን እኔ እሱ ያያታል ብዬ ነበር፣ እሱ ደግሞ ፎጣ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጉንፋኑ ሲበዛ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ጎራ አልኩ። የባህር ዛፍ ሽታ ከበር ተቀበለኝ። ድስቱ ወለል ላይ ነው፣ እሷ ነጠላ ተከናንባለች፣ ትንሹ ልጇ ከእግሯ ሥር መኪናውን ይነዳል። ልጁን አነሳሁት። «ስትጨርሺ፣ ውሃውን ደፍተሽ እኛ ቤት ነይ» ብያት ይዤው ወጣሁ።