ጉበትን ከላዩ ጀምሬ የተማርኩ ቀን

ላይ ላዩን ለመያዝ አንድ ምሽት በቃኝ። ሎብ ማለት በዓይን የሚታይ የጉበት ክፍል ነው፦ ቀኝ ሎብ፣ ግራ ሎብ፣ ከኋላ ኮዴት፣ ከሥር ኳድሬት። ቀኝና ግራን የሚለየው ፋልሲፎርም ሊጋመንት፣ ጉበቱን ከፊተኛው የሆድ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ስስ እጥፋት፣ ነው ይላል የታደለን ጽሑፍ። ሸመደድኩት። የስምንቱን ሴግመንቶች፣ የጉበቱን የውስጥ ክፍሎች፣ ቁጥርም እንደ ሰዓት አዙሬ ያዝኩ፤ ማን በምን እንደከፈላቸው ግን አልጠየቅሁም።

በቃል ፈተናው ቀን ፎርማሊኑ ዓይኔን እየለበለበኝ ከጉበቱ ፊት ቆምኩ። ፈታኙ ቀይ ራስ ያላትን ስፒል ከሊጋመንቱ በስተቀኝ፣ ከሐሞት ከረጢቱ በስተግራ ሰካትና «ይሄ የማን ወገን ነው?» አለኝ።

«የቀኝ!» ሳላመነታ።

«ደሙን ከየት ያገኛል?» ዝም። «ሄፓቲክ ቬይኖቹስ በየት ያልፋሉ?» ከጉበቱ ደም የሚያወጡትን ደም መልሶች ማለቱ ነው።

«ከፖርታል ቬይኑ ጋር አብረው፣ በሴግመንቱ መሃል።» ፖርታሉ ከአንጀት ደም ወደ ጉበት የሚያመጣው ነው።

ስፒሏን ነቀለ፣ በጨርቅ ጠረጋት፣ «ቀጣይ» አለ። አንዲት ቃል ቢጨምርልኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ከሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ያ «የቀኝ!» ያልኩበት ድምፄ ነው።

ስፒሏ ያረፈችው ሴግመንት 4 ላይ ነበር፤ ደሙን የሚቀበለው ከግራው የፖርታል ቅርንጫፍ ስለሆነ የግራ ነው። እውነተኛው ድንበር ከላይ አይታይም። ከሐሞት ከረጢቱ መኝታ ደምን ወደ ልብ እስከሚመልሰው ትልቅ ደም መልስ፣ እስከ ኢንፌሪየር ቬና ካቫ ይሄዳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ያሳየው ጄምስ ካንትሊ ስለሆነ መስመሩ በስሙ ይጠራል። መካከለኛው ሄፓቲክ ቬይን የሚጓዘው በዚሁ ድንበር ውስጥ ነው። ፖርታል ቬይን፣ ደም ቅዳና የሐሞት ቱቦ አንድ ላይ ሆነው የሴግመንቱን መሃል ይይዛሉ፤ ሦስቱ ትላልቅ ሄፓቲክ ቬይኖች ደግሞ ድንበር ድንበሩን ይዘው ከግራም ከቀኝም ጎረቤት ደም ይሰበስባሉ። ፈረንሳዊው ክዊኖ ቁጥሮቹን የሰጠው በዚህ አከፋፈል ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ምንም ይበል፣ እኔ ከሎብ አትጀምሩ እላለሁ። ሁለት ስስ ወረቀት ውሰዱ። በአንዱ ላይ የፖርታሉን ዛፍ በሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ሦስቱን ቬይኖች በቀይ ሳሉ። ደራርባችሁ መስኮት ላይ ለጥፉት። ቀዩ አጥር ሆኖ ይታያችኋል፤ ቀኙን ላይና ታች የሚከፍለው ደግሞ ፖርታሉ ለሁለት የሚሰነጠቅበት ከፍታ ነው፤ 7 እና 8 ከላይ፣ 5 እና 6 ከታች። ቁጥሩ ያን ጊዜ ራሱ ይመጣል። ሲቲ ስካን ላይ ግን ምስሉ ከእግር በኩል እንደሚታይ አትርሱ፤ የታማሚው ቀኝ በእናንተ ግራ ነው። እዚያም ተሳስቻለሁ፣ ደግነቱ ያየኝ የለም።

በድጋሚው ፈተና ያው ሰውዬ ስፒሏን ኮዴቱ ላይ ሰካ። ሴግመንት 1 ከሁለቱም የፖርታል ቅርንጫፎች እንደሚቀበል፣ ደሙንም በራሱ ትናንሽ ቬይኖች በቀጥታ ቬና ካቫ ውስጥ እንደሚያፈስ ነገርኩት። ሦስቱ ትላልቅ ቬይኖች ሲደፈኑ ብዙ ጊዜ እሱ ተርፎ የሚያብጠውም ለዚሁ ነው አልኩ፣ ሳይጠይቀኝ።

ስፒሏን ነቅሎ ጠረጋት። «ቀጣይ።»